ሙዚየም ከደጁ ይጀምራል

ከሮማናት አደባባይ እስከ አክሱም ሐውልቶች ሜዳ፣ ከኢላላ ወንዝ እስከ ሸገር ዳርቻ፦ ለሰው የሚሆን አደባባይ እንዴት ይሠራል?

ነሐሴ 16 ቀን፣ የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ የመቀሌ መንገድ ሁሉ መድረሻው ሮማናት ይመስላል። ልጃገረዶች ከየሰፈሩ በቡድን በቡድን ሆነው ወደ አደባባዩ ይጎርፋሉ። ቀሚሳቸው ደረቱ ላይ በጥልፍ አሸብርቋል፤ ፀጉራቸው ተሠርቷል፤ ዓይናቸው ተኩሏል፤ ወገባቸው ላይ ረጅሙን የአሸንዳ ሣር ታጥቀዋል። አንዷ ከበሮዋን ስትመታ ሌሎቹ ክብ ይሠራሉ። ክቡ ሲሰፋ ተመልካቹ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፤ ያፈገፈገው ደግሞ የሚጠጋበት ጠርዝ ይፈልጋል። እናቶች የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ አረፍ ይላሉ፤ ልጅ ያዘሉት ወደ ጥላ ይጠጋሉ፤ ጎረምሶች ከፍ ያለ ነገር ፈልገው ይወጣሉ። ማንም ሳያዝዝ፣ ማንም መስመር ሳያሰምር፣ መሃሉ ለጨዋታ፣ ዳሩ ለተመልካች፣ ጥላው ለደከመው ይከፋፈላል።

የአሸንዳ በዓል ሲያልፍ ሮማናት ወደ ዘወትር ሥራው ይመለሳል። ባጃጁ ይዞረዋል፤ ቀጠሮ ያለው ሰው «ሮማናት ጋ እንገናኝ» ይላል። የከተማዋ እምብርት በመሆኑ ደስታ ያለውም፣ አቤቱታ ያለውም፣ ሰልፍ የወጣውም እግሩ ወደዚያው ያመራል። ሮማናት በሌላ ነገር ሊታማ ይችላል፤ በሰው ግን አይታማም።

መቀሌ ሙዚየምም አላጣችም። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እ.ኤ.አ. ከ1882 እስከ 1884 ባሉት ዓመታት ያሠሩት ቤተ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱን ዙፋን ጨምሮ የዘመኑን ቅርሶች የያዘ ሙዚየም ሆኗል። ሕንፃውን የሠሩት ጣሊያናዊው አናጢ ጃኮሞ ናሬቲና የጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ልጅ ዊልያም ሺምፐር ናቸው። በሌላው የከተማዋ ክፍል 51 ሜትር ከፍታ ያለው የሰማዕታት መታሰቢያ ሐውልት ከነሙዚየሙና ከነአዳራሹ ቆሟል። ሁለቱም ሰፊ ግቢ አላቸው፤ ሁለቱም ከከተማዋ ታሪክ ጋር የተሳሰሩ ናቸው።

በሮማናትና በሙዚየሞቹ ግቢ መካከል ያለው ልዩነት ግን በመቀሌ ብቻ ሳይሆን በመላ አገሪቱ የሚታይ ነው። ሰው የሚሰበሰብበት ቦታ ታሪኩን የሚያይበት አይደለም፤ ታሪኩ የተቀመጠበት ግቢ ደግሞ ሰው አረፍ የሚልበት አይደለም። ሙዚየም ሲታሰብ በመጀመሪያ የሚታሰበው አጥሩ፣ በሩና የቲኬት መስኮቱ ነው። ደጁ፣ ማለትም ከበሩ ውጭ ያለው ክፍት መሬት፣ የሚታሰበው ሕንፃው ካለቀና ገንዘቡም ካለቀ በኋላ ነው። ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት። በተለይ ሙዚየሙ ወንዝ ዳር የሚሠራ ከሆነ ደጁ ከሕንፃው አስቀድሞ መነደፍ ይኖርበታል። ምክንያቱም ፀሐይን፣ ውሃን፣ ሕዝብንና ቅርስን በአንድ ጊዜ የሚሸከመው እሱ ነው።

በቀድሞው ዘመን ደጅ ባዶ ቦታ አልነበረም። በቤተ መንግሥት ፊት ያለው ሜዳ ባለ ጉዳይ ደጅ የሚጠናበት፣ ዳኝነት የሚሰማበት፣ አዋጅ የሚነገርበት፣ ሠራዊት የሚሰለፍበት ነበር። የመንግሥት ሥራ ግማሹ የሚከናወነው ከቤት ውጭ ነው ማለት ይቻላል። ቤተ መንግሥቱ ሙዚየም ሲሆን ዙፋኑ በመስታወትና በገመድ ተከልሎ ተጠበቀ፤ በደጁ የነበረው ሕይወት ግን የሚጠብቀው አላገኘም።

የ51 ሜትሩ ሐውልት ጥላ

አደባባይ የሚነድፍ ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ ፀሐይ ነው። መቀሌ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 13 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ የተቀመጠች ከተማ ናት። አየሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ፀሐዩ ግን ይፋጃል። እዚህ ኬክሮስ ላይ የቀትር ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ልክ ከአናት ላይ ታልፋለች፦ አንድ ጊዜ በሚያዝያ ሁለተኛ አጋማሽ፣ ሌላ ጊዜ በነሐሴ አጋማሽ ገደማ። በእነዚህ በሁለቱ መካከል የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ በቀሩት ወራት ደግሞ ወደ ደቡብ።

ይህ ተራ የጂኦግራፊ ትምህርት ይመስላል፤ መሬት ላይ ሲወርድ ግን ወንበር የት እንደሚቀመጥ ይወስናል። የሰማዕታቱን ሐውልት እንደ መለኪያ መውሰድ ይቻላል። በታኅሣሥ ወር፣ ቀትር ላይ፣ የ51 ሜትሩ ሐውልት ጥላ ወደ ሰሜን 38 ሜትር ያህል ይዘረጋል። በሰኔ አጋማሽ አቅጣጫውን ይቀይርና ወደ ደቡብ 9 ሜትር ያህል ብቻ ይሆናል። በአሸንዳ ሰሞን ፀሐይዋ ከአናት ላይ ስለምትሆን የዚያ ሁሉ ግንብ የቀትር ጥላ ከሁለት ሜትር አይበልጥም። በዓመቱ ከፍተኛው የአደባባይ በዓል በሚከበርበት ሳምንት፣ ደመናው ገለጥ ባለ ቀን፣ ረጅም ነገር ሁሉ ጥላ የለሽ ነው።

ስለዚህ በመቀሌ ጥላ የሚገኘው ከቆመ ነገር ሳይሆን ከተዘረጋ ነገር ነው፤ ከዛፍ፣ ከዳስ፣ ከበረንዳ። ትግራይ ውስጥ ይህን የማያውቅ ገጠር የለም። ሽማግሌ የሚሸመግለው፣ የመንደር ጉባኤ የሚቀመጠው ዳዕሮ ሥር ነው። አማርኛ ተናጋሪው ዋርካ የሚለው ይኸው ዛፍ ቅርንጫፉን ወደ ጎን ስለሚዘረጋ አንዱ ብቻውን የአንድ አዳራሽ ያህል ሕዝብ ያስጠልላል። በዚህ ምትክ ብዙ አዳዲስ አደባባዮች ላይ የሚተከለው ዘንባባ ነው። ዘንባባ ለፎቶ ያምራል፤ በቀትር የሚሰጠው ጥላ ግን አንዲት አሮጊት እንኳን ከነዘንቢላቸው በቅጡ አያስጠጋም።

ዋርካ ለአደባባይ ሲመረጥ ግን ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ ጊዜና አፈር። ለጉባኤ የሚበቃ ጥላ እስኪሰጥ ብዙ ዓመት ይወስዳል። ሥሩ ደግሞ ኃይለኛ ነው፤ ዙሪያውን በሲሚንቶ ካነቁት ንጣፉን ያነሣል፣ ግድግዳ ይሰነጥቃል፣ ቧንቧ ይፈነቅላል። ስለዚህ ቦታው በፕላን ላይ ከመጀመሪያው ተለይቶ፣ ዙሪያው ሳይነጠፍ ሰፋ ብሎ መተው አለበት። ዛፉ እስኪያድግ ድረስ ከእንጨትና ከሸራ የተሠራ ዳስ ያገለግላል። ዳስ መጣል ለሐበሻ አዲስ ሙያ አይደለም፤ ሠርግም ለቅሶም የሚስተናገደው በዳስ ነው።

በጋ የሚደርቅ፣ ክረምት የሚቆጣ

ከመቀሌ በስተ ሰሜን የሚያልፈው ኢላላ ወንዝ ወደ ግባ ይገባል፤ ግባም የተከዜ ገባር ነው። በኢላላ ዳር ገበሬዎች በመስኖ አትክልት ያለማሉ። ወንዙ ግን የከተማዋም ፍሳሽ ይደርሰዋል፤ በዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በተደጋጋሚ የተጠናውም ስለዚህ ነው። ወንዝ ዳር አደባባይ ማለት በአውሮፓ ሥዕሎች እንደሚታየው ዓመቱን ሙሉ ጸጥ ብሎ የሚፈስ ውሃ አጠገብ መቀመጥ ማለት ከሆነ፣ መቀሌ ያ ዓይነት ወንዝ የላትም። የደጋው ወንዝ በጋውን ድንጋዩን አስጥቶ ይከርማል፤ ሐምሌና ነሐሴ ሲመጡ ደግሞ በአንድ ከሰዓት ደፍርሶ ይሞላል።

ቁጥሩን መመልከት ይጠቅማል። በመቀሌ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ አብዛኛውም በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። አንድ ሄክታር ስፋት ያለው፣ ከዳር እስከ ዳር በድንጋይና በሲሚንቶ የተለበጠ አደባባይ አለ እንበል። በአንድ ከሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድበት 300 ሜትር ኩብ ውሃ ይሰበስባል፤ ይህም 10,000 ሊትር የሚይዝ ቦቴ 30 ጊዜ ተመላልሶ የሚያመጣው ነው። የመጠጥ ውሃ በፈረቃ በምትጠብቅ ከተማ ውስጥ ያን ያህል ውሃ በአንድ ከሰዓት ወደ ወንዙ መልቀቅ ሁለት ጥፋት አለው። ወንዙን በድንገት ያስቆጣል፤ ከተማዋንም በጋ ላይ ያስጠማታል።

ጥሩ ንድፍ ይህን ውሃ በሦስት ቦታ ያቆመዋል። የመጀመሪያው ንጣፉ ራሱ ነው። በመቀሌ ጎዳናዎች የተለመደው ኮብልስቶን በአሸዋ ላይ ሲነጠፍና ክፍተቱ በሲሚንቶ ሳይደፈን ሲቀር የውሃውን ከፊል ወደ አፈር ያሰርጋል። ሁለተኛው ከንጣፉ ዝቅ ብሎ የሚሠራ የዛፍ መደብ ነው፤ ውሃው ወደ ቱቦ ከመግባቱ በፊት ዛፉን ያጠጣል። ሦስተኛው ከአደባባዩ ሥር የሚገነባ የውሃ ጉድጓድ ነው። አክሱም ውስጥ ከዓለት የተጠረበው ማይ ሹም እስከ ዛሬ የጥምቀት በዓል ይከበርበታል፤ የዝናብ ውሃን ሰብስቦ የሕዝብ መገናኛ ማድረግ በዚህ ምድር ጥንታዊ ሙያ ነው።

ትግራይ የጎርፍ ውሃን በማብረድ የተመሰገነች ክልል መሆኗም መዘንጋት የለበትም። የአብርሃ ወአጽብሃ መንደር ነዋሪዎች የተራቆተ ተዳፋታቸውን በእርከንና በክትር አልምተው የከርሰ ምድር ውሃቸውን በመመለሳቸው እ.ኤ.አ. በ2012 የኢኳቶር ሽልማት አግኝተዋል። ክልሉም በመሬት ጥበቃ ፖሊሲው እ.ኤ.አ. በ2017 የ«ፊውቸር ፖሊሲ» የወርቅ ሽልማት ተሰጥቶታል። በነፃ ጉልበቱ ቦረቦርን በድንጋይ ክትር የገደበ ገበሬ ልጅ ዛሬ ከተማ ውስጥ ነው ያለው። ያ ዕውቀት ከተማ ሲገባ በቱቦና በኮንክሪት ቦይ መተካት የለበትም። የወንዝ ዳር ደረጃ ከእርከን የተለየ ነገር አይደለም።

ደረጃው በሦስት እርከን ቢከፈል እያንዳንዱ የራሱ ሥራ ይኖረዋል። ለወንዙ የሚቀርበው የታችኛው እርከን ክረምት ውሃ እንዲወጣበት የተፈቀደለት ነው፤ በዚያ ላይ የኤሌክትሪክ መስመር፣ ሱቅም ሆነ የሚወሰድ ዕቃ አይኖርም፤ በጋውን ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። የመሃሉ እርከን በከባድ ዓመት ብቻ የሚረጥብ ሜዳና መቀመጫ ነው። ሙዚየሙ ያለው በላይኛው ላይ ነው፤ የቅርስ ማከማቻውም በምንም ምክንያት ምድር ቤት ውስጥ አይሆንም። ብራናም፣ ጨርቅም፣ እንጨትም ከጎርፍ ቢተርፉ ከእርጥበት አይተርፉም።

የደቡብ ኮሪያዋ ሶል በዚህ ረገድ ጥሩ ማስተማሪያ ናት። ከተማዋ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምራ በቾንግጌቾን ጅረት ላይ ተሠርቶ የነበረውን ተንጠልጣይ አውራ ጎዳና አፍርሳ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ወደ ስድስት ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የእግረኛ ዳርቻ ከፈተች። ሰው ወደ ውሃው ወረደ፤ በድንጋይ እየተረማመደም ተሻገረ። ይሁን እንጂ ጅረቱ ዓመቱን ሙሉ የሚፈሰው በአብዛኛው ከሃን ወንዝ በፓምፕ እየተሳበ ነው። ኃይለኛ ዝናብ ሲመጣም ዳርቻው ለሰው ይዘጋል። ሶል ፓምፑን የምታንቀሳቅስበት ገንዘብም ውሃም አላት። መቀሌ ልትወስድ የሚገባት ፓምፑን ሳይሆን መዝጊያውን ነው፦ ወንዙ ሲመጣ ሰው የሚወጣበትን መንገድ፣ ማስጠንቀቂያውንና የጥበቃ ሠራተኛውን አስቀድሞ በንድፉ ውስጥ ማስገባት።

አክሱም፦ ከመኪና ማቆሚያው ሥር

ውሃ፣ ሙዚየምና አደባባይ በአንድ ቦታ የተገናኙበት ጥንታዊው የትግራይ ምሳሌ አክሱም ነው። የሐውልቶቹ ሜዳ በማይ ሔጃ ጅረት ዳር ነው ያለው፤ ሙዚየሙም በዚያው አካባቢ ይገኛል፤ በሌላው ወገን የጽዮን ማርያም ቤተ ክርስቲያን አለች። ኅዳር 21 ቀን ለጽዮን ማርያም ክብረ በዓል ከየአውራጃው የመጣው ምእመን ነጠላውን አጣፍቶ አካባቢውን ሲሞላው፣ ሙዚየሙም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ ሜዳውም አንድ ግቢ ይመስላሉ። 33 ሜትር የሚሆነው ትልቁ ሐውልት ወድቆ በተኛበት፣ 21 ሜትሩ የንጉሥ ኢዛና ሐውልት በቆመበት ሥር ሰው ምሳውን ይፈታል፤ ልጁን ያጠባል።

ይህ ቦታ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው። ለነዳፊዎች የሰጠው ትምህርትም ከባድ ነው። 24 ሜትሩ ሐውልት እ.ኤ.አ. በ1937 በፋሺስት ጣሊያን ተወስዶ፣ በ2005 ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን ተመለሰ። ከመተከሉ በፊት ባለሙያዎች መሬቱን ሳይቆፍሩ በራዳርና በኤሌክትሪክ መሣሪያ ሲመረምሩት፣ በሜዳው ሥር፣ ለመኪና ማቆሚያ ሲያገለግል የነበረውንም ቦታ ጨምሮ፣ የጥንት መቃብር ክፍሎች መኖራቸውን አረጋገጡ። ለዓመታት አውቶቡስ ሲቆምበት የኖረው መሬት ራሱ ያልተከፈተ ሙዚየም ነበር። ሐውልቱ እ.ኤ.አ. በ2008 በቀድሞ ቦታው ቆመ።

ከዚያም በኋላ ጉዳዩ አልተዘጋም። የመቃብሮቹን ክፍሎች የከርሰ ምድር ውሃ እየሰረገ አስቸገራቸው። በሥፍራው አቅራቢያ የተጀመረው አዲስ የሙዚየም ግንባታም በከፍታው ምክንያት የሐውልቶቹን እይታ እንዳይጋርድ ዩኔስኮ ሥጋቱን ገለጸ። በሁለቱም ጉዳይ የተነሣው ጥያቄ የሕንፃው ውበት አልነበረም። ስለ ደጁ ነበር፤ ውሃው በየት ይሄዳል? ዓይን በየት ያልፋል? ከሥር ምን አለ?

መቀሌም ከሥሩ ታሪክ ያለበት መሬት አላት። በእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ላይ፣ ዛሬ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ባለበት፣ የጣሊያን ጦር የመሸገበት ምሽግ ነበር። በጥር 1888 ዓ.ም. ከአድዋ ድል ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ የኢትዮጵያ ሠራዊት የምሽጉን የውሃ ምንጭ ያዘ፤ ዕቅዱ የእቴጌ ጣይቱ መሆኑ ይነገራል። የተጠማው ጦርም ምሽጉን ለቆ ወጣ። በዚህች ከተማ የውሃ ነገር ከታሪክ ነገር ጋር አይለያይም፤ ወደ ምንጩ የሚወስድ አንድ የእግር መንገድ ከብዙ የግድግዳ ጽሑፍ በላይ ሊያስረዳ ይችላል።

አዲስ አበባ ያሳየችው

በአገራችን ወንዝ ዳርን፣ ሙዚየምንና አደባባይን በአንድ ዕቅድ ለማስተሳሰር የተደረገው ትልቁ ሙከራ ያለው አዲስ አበባ ነው። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሸገር ማስዋብ ፕሮጀክት ከእንጦጦ ተራራ እስከ አቃቂ የሚወርዱ ወንዞችን 56 ኪሎ ሜትር ተከትሎ፣ በ29 ቢሊዮን ብር ለማልማት የታቀደ ነበር። ወዳጅነት አደባባይ በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ ተከፈተ፤ ክቡ የሳይንስ ሙዚየም ደግሞ በ2015 ዓ.ም. መስከረም ከጎኑ ተመረቀ። በ2016 ዓ.ም. የካቲት ፒያሳ ላይ የአድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም ተከተለ። ሣር፣ ሐይቅ፣ ፏፏቴና መብራት ከተማዋ ውስጥ በስፋት ታዩ፤ ቤተሰብ ይዞ የሚወጣበት ቦታ ያልነበረው ነዋሪም መውጫ አገኘ።

ይሁን እንጂ ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ለነዳፊ የሚያስተምረው መስቀል አደባባይ ነው። በ2013 ዓ.ም. ሰኔ፣ ከሥሩ 1,400 መኪና የሚይዝ ማቆሚያ ተሠርቶለት ዳግም ሲከፈት ከበፊቱ የወረሰው ዋና ሀብት ግማሽ ክብ ሆኖ የተደረደረው ደረጃው ነበር። ደረጃው ለሰልፍና ለደመራ ተመልካች የተሠራ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ግን ሌላ ሥራ አገኘለት፤ ጎህ ሲቀድ ሯጭ ይሞላዋል፤ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ፣ ከታች ወደ ላይ እየተመላለሰ ይሠለጥንበታል። ማንም ነዳፊ ይህን አላዘዘም። ረጅም፣ ሰፊ፣ ክፍትና ነፃ ስለሆነ ብቻ ሕዝቡ ራሱ ጥቅም ፈጠረለት።

«ነፃ» የሚለው ቃል ክብደት አለው። በ2012 ዓ.ም. የተከፈተው አንድነት ፓርክ የመደበኛ መግቢያ ዋጋው 200 ብር ነበር። ፓርክን ለመጠበቅ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ለሙዚየሙ ውስጥ ማስከፈልም ተገቢ ሊሆን ይችላል። ደጁን ማስከፈል ግን አደባባዩን ወደ መዝናኛ ግቢ ይለውጠዋል። በቀን ሥራ የሚተዳደር ሰው ልጆቹን ይዞ በነፃ የማይቆምበት ቦታ የሕዝብ አደባባይ ተብሎ ሊጠራ አይገባውም።

45 ሴንቲ ሜትር

አሜሪካዊው ጋዜጠኛና ተመራማሪ ዊልያም ዋይት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኒውዮርክ አደባባዮች ላይ ካሜራ ተክሎ ሰው የት እንደሚቀመጥ፣ የት እንደሚቆም፣ ማን ከማን ጋር እንደሚያወራ ቀርጿል። በ1980 ባሳተመው መጽሐፍ የደረሰበት ድምዳሜ ቀላል ነው፤ ሰው የሚቀመጠው መቀመጫ ባለበት ነው። ፏፏቴውና ቅርጻ ቅርጹ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። ሰው ሊያንቀሳቅሰው የሚችለው ወንበር ደግሞ ከሁሉ የተወደደ ነው፤ አንድ ስንዝር እንኳን ቢሆን ጎተት አድርጎ ይቀመጥበታል።

ይህ ወደ መቀሌ ድንጋይ ሲመለስ ምን ይመስላል? የከተማዋ ዙሪያ በነጣ ባለ የኖራ ድንጋይና በጥቁር ዶሎራይት የተሞላ ነው፤ አሮጌዎቹ የመቀሌ ቤቶችም በድንጋይ የተገነቡ ናቸው። ድንጋይ ጠራቢው እዚያው ስላለ መቀመጫ ከውጭ ማስመጣት አያስፈልግም። ከመሬት 45 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ፣ ሁለት ሰው ጀርባ ለጀርባ እንዲቀመጥበት ጎኑ ሰፋ ያለ፣ ጠርዙ በመዶሻ የተለሰለሰ የድንጋይ መደብ ለመቶ ዓመት ያገለግላል። የኖራ ድንጋዩ ፀሐይን ስለሚመልስ በቀትር ዓይን ይወጋል፤ ጥቁሩ ደግሞ ሙቀት ይዞ ስለሚቆይ ከሰዓት በኋላ ያቃጥላል፣ ማምሻውን ግን ይሞቃል። ስለዚህ መደቡ ዛፍ ሥር ሲሆን ነጩ፣ ለማታ መቀመጫ ሲሆን ጥቁሩ ይመረጣል።

መሬቱ ተዳፋት መሆኑም ጥቅም ነው። ውሃ እንዲወርድ ንጣፉ በመቶ ሜትር አንድ ሜትር ተኩል ቢያጋድል ሰው አይሰማውም። በ60 ሜትር ርዝመት ግን 90 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ይመጣል፤ ይህም ልክ የሁለት መቀመጫ ቁመት ነው። ልዩነቱን በአጥር ከመሸፈን ይልቅ በሁለት ረድፍ መቀመጫ መፍታት ለተመልካች መድረክ ይፈጥራል። የአሸንዳ ክብ ሲሰፋ ወደ ኋላ የሚያፈገፍገው ሰው የሚፈልገው ጠርዝ ይኸው ነው።

ያንኑ 90 ሴንቲ ሜትር በተሽከርካሪ ወንበር መውጣት የሚፈልግ ሰው ደግሞ አለ። ለአንድ ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት የሚለው መመዘኛ ሲታሰብ ቢያንስ 10 ሜትር ከ80 የሚረዝም መወጣጫ ያስፈልገዋል፤ መሃል ላይም ማረፊያ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ከዘለቀው ጦርነት በኋላ በመቀሌ ጎዳናዎች በክራንችና በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ ብዙ ወጣቶች አሉ። ለእነሱ ኮብልስቶን ጠላት ነው፤ ትናንሹ ጎማ በየክፍተቱ ይያዛል፤ እጅ ይደክማል። መፍትሔው ግን ርካሽ ነው። በኮብልስቶኑ መካከል አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ያለው፣ በተላገ ድንጋይ የተነጠፈ፣ ከመንገዱ ጫፍ እስከ ሙዚየሙ በር ሳይቋረጥ የሚሄድ መስመር መዘርጋት ነው። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ ደንግጓል። አዋጁ የተናገረው ስለ ሕንፃ ነው፤ ሰው ግን ሕንፃው ጋ ከመድረሱ በፊት የሚሰናከለው ደጁ ላይ ነው።

ይህንኑ መስመር ሕፃን በጋሪ የምትገፋ እናት፣ ዕቃ የሚጭን ሠራተኛና ዱላ የያዙ አዛውንት ይጋሩታል። ከጎኑ የውሃ ቧንቧ፣ መጸዳጃ ቤትና ማታ ማታ የሚበራ መብራት ከሌለ ደግሞ ሴቶች ከመሸ በኋላ አይመጡበትም። ለአደባባይ ሥራ ከሚመደበው ገንዘብ ለእነዚህ ሦስቱ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ትርፍራፊ ነው። ስለዚህም በጀቱ ሲጸድቅ ከፏፏቴው በፊት መዝገብ ላይ መስፈር አለባቸው።

ከንድፍ በፊት አንድ ዓመት

እነዚህን ሁሉ ወደ መቀሌ ስንመልሳቸው ሥራው የሚጀምረው ከሥዕል ሳይሆን ከመመልከት ነው። በመቀሌ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃ ትምህርት የሚከታተሉ ተማሪዎች ለዚህ ከማንም የቀረቡ ናቸው። ሮማናትን አንድ ዓመት ሙሉ ቢከታተሉት የሚያገኙት መረጃ በዋጋ አይተመንም፦ በአሸንዳ፣ በጥምቀት፣ በዕዳጋ ሰኑይ የሰኞ ገበያ ቀን፣ በአንድ ተራ ረቡዕ ከሰዓት። ክቡ ስንት ሜትር ይሰፋል? እናቶች የት ይቀመጣሉ? ውሃ የሚያቁረው የት ነው? ቡና የምታፈላ ሴት ጀበናዋን የምታስቀምጠው የት ነው? ከዚያው ጎን ለጎን በዐፄ ዮሐንስ ቤተ መንግሥትና በሰማዕታት ሐውልት ደጅ ተመሳሳይ ምልከታ ቢደረግ፣ ከሮማናት ምን እንደጎደላቸው በቁጥር ይታወቃል።

በኢላላ ዳር ደግሞ ሁለት ክረምት ያህል የውሃው ከፍታ በየቀኑ ቢለካ የሦስቱ እርከኖች ወሰን የሚወጣው ከግምት ሳይሆን ከልኬት ይሆናል። አትክልት አልሚዎቹም ከጠረጴዛው መራቅ የለባቸውም። ወንዙ መቼ እንደሚሞላ፣ ጎርፉ በየት እንደሚሰብር፣ ፍሳሹ በየት እንደሚገባ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ወንዝ ዳር ማስዋብ እነሱን በማስነሣት ከተጀመረ ወንዙን ሲጠብቁ የኖሩትን ዓይኖች ያጣል። ፍሳሹ ከላይ ካልተቆመ ደግሞ የተዋበው ዳርቻ ሽታ የሚያባርረው ቦታ ይሆናል። ስለዚህ የፍሳሽ ማጣሪያው ከአበባው ይቀድማል።

የንድፍ ውድድር ሲወጣም መመዘኛው በዚሁ መሠረት ቢጻፍ ጥሩ ነው። ተወዳዳሪው ከሐውልቱና ከሕንፃው ሥዕል በፊት የነሐሴ ቀትር ጥላን፣ የአንድ ከባድ ዝናብን መንገድ፣ የተሽከርካሪ ወንበሩን መስመርና በነፃ የሚቀመጡበትን መቀመጫ ብዛት እንዲያሳይ ይጠየቅ። ቅርስ ሊኖርበት በሚችል መሬት ላይ ደግሞ ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት አክሱም ላይ እንደተደረገው የራዳር ምርመራ ይደረግ።

ለዚህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ እስኪገኝ መጠበቅ አያስፈልግም። ከተማዋ ከጦርነቱ ገና እያገገመች ነው፤ ቤት አልባ ሆነው በትምህርት ቤቶች የተጠለሉ ተፈናቃዮች ቅድሚያ እንዳላቸው የሚከራከር የለም። ነገር ግን ዳዕሮ ለጥላ የሚበቃው ከብዙ ዓመት በኋላ በመሆኑ ከሁሉ በፊት ሊጀመር የሚገባው እሱ ነው። ቦታው ተለይቶ፣ አጥር ሳይሆን ጠባቂ ተመድቦለት፣ ችግኙ በመጪው ሐምሌ መጀመሪያ ዝናብ ሊተከል ይችላል።